ዳንኤል ቡን ብቻውን ነበር ያለው ማነው?

ሰሞኑን በ18ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካዋ ኬንተኪ ውስጥ ቀድመው ከሰፈሩት ነጮች አንዱ ስለሆነው አዳኝ፣ ስለ ዳንኤል ቡን የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። እኔም ዘንድ ደረሰ። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ይኸው። ቡን ከእንግሊዝ መሳፍንት ዘር የተወለደ፣ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ፣ ሰው የሚሸሽ አዳኝ ነበር ይላል። ኬንተኪን ያገኘው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ጫካ ውስጥ ብቻውን ኖረ። እሱ በሌለበት ሚስቱ ከወንድሙ ወለደች። ልጁን «ቀይ ሕንዶች» ያለ ምንም ምክንያት ገደሉበት። ሲያረጅ ጎረቤት በዛብኝ ብሎ ወደ ሚዙሪ ሸሸ። የአብርሃም ሊንከን የሥጋ ዘመድ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ቡን የሚባል ሁሉ ደግሞ የእሱ ዘር ነው።

ጸሐፊው ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት አያስቀምጥም። ግን ከላይ ከደረደርኳቸው ውስጥ ሳይታረም ሊያልፍ የሚችል አንድም የለም። የቡን ቤተሰብ ሰነድ አልባ ቤተሰብ አይደለም። የሃይማኖት ጉባኤ መዝገብ አለ፣ የመሬት ውል አለ፣ የግብር ዝርዝር አለ። የመጨረሻ ልጁ ናታንና ሚስቱ ኦሊቭ በ1851 ላይማን ድሬፐር ለሚባል ታሪክ ሰብሳቢ ቁጭ ብለው የሰጡት ረጅም ቃልም አለ። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ። ቀኑም ወሩም ዓመቱም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከመሳፍንቱ ልጀምር። ጽሑፉ የቡንን ዘር «ደ ቦሁን» ከሚባሉ የኖርማን መሳፍንት ይመዝዘዋል። ይህ ወሬ አዲስ አይደለም፤ የዘር ሐረግ መሥራት የሚወዱ ሰዎች የስም መመሳሰል አይተው የቀጠሉት ነው። ሰነዱን ይዞ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ግን የሚደርሰው ዴቨን ውስጥ፣ ኤክሰተር ከተማ አጠገብ ነው። እዚያ የሚያገኘው መስፍን ሳይሆን ባለሙያ ነው። የዳንኤል ቅድመ አያት አንጥረኛ፣ አያቱ ጆርጅ ቡን ሸማኔ። አባቱ ስኳየር ሁለቱንም ያዘ፤ ይሸምናል፣ ብረትም ይቀጠቅጣል። ሸማኔና ቀጥቃጭ እኛ አገር በምን ዓይን ሲታይ እንደኖረ አንባቢ ያውቃል። እንግሊዝም ቢሆን በዚህ ሙያ የሚኩራራ የዘር ሐረግ ሠሪ ብዙ አልነበረም።

ቤተሰቡ ኩዌከር ነበር። ኩዌከሮች ቄስ የሌላቸው፣ መሣሪያ የማያነሱ፣ በእንግሊዝ መንግሥት ብዙ የተንገላቱ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ጆርጅ በ1713 ሦስት ልጆቹን አስቀድሞ ወደ ፔንሲልቬንያ ላከ፤ ስኳየር ከእነሱ አንዱ ነበር። ልጆቹ አገሩን አይተው ደህና ነው ሲሉ፣ እሱና ሚስቱ በ1717 የቀሩትን ይዘው ተከተሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያለፉት አንድ ደስ የሚል ሰነድ አለ። የዳንኤል የአጎት ልጅ ጄምስ ቡን በ1788 ባዘጋጀው የቤተሰብ መዝገብ፣ አያታቸው ጆርጅ በ1744 ሲሞት በሕይወት የነበሩ ዘሮቹን ቆጥሯል። 8 ልጆች፣ 52 የልጅ ልጆች፣ 10 የልጅ ልጅ ልጆች። ድምሩ 70። ጄምስ ከሥሩ፣ ይህ ቁጥር ወደ ግብፅ ከወረደው የያዕቆብ ቤት ጋር እኩል ነው ብሎ ጻፈ። ይህ ቤተሰብ ራሱን የሚያየው እንዲህ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ራሱን ከያዕቆብ ቤት ጋር ያስተያያል እንጂ የመሳፍንት ጋሻ አያወጣም።

ይቺ የ52 ቁጥር የጽሑፉን ማሳረጊያም ታፈርሰዋለች። ቡን የሚባል ሁሉ የዳንኤል ዘር ከሆነ፣ የቀሩት 51 የት ገቡ? የዳንኤል ወንድሞችም አባት ናቸው፤ አጎቶቹም አባት ናቸው። ዳንኤልና ርብቃ አሥር ልጆች ወለዱ። ከስድስቱ ወንዶች ጄምስና እስራኤል ሳያገቡ ተገደሉ፤ ዊሊያም ጨቅላ ሆኖ ሞተ። የቡንን ስም ይዘው የቀጠሉት ዳንኤል ሞርጋን፣ ጄሲና ናታን ብቻ ናቸው። እርግጥ ናታን ብቻውን 14 ወልዷል፤ ዘሩ ትንሽ ነው አልልም። ግን ስም ብቻ ይዞ የዳንኤል ነኝ ማለት አይቻልም። የሴቶቹ ልጆች ደግሞ ሃይስ፣ ካላዌይ ሌላም እየተባሉ፣ ቡን ሳይባሉ የእሱ ደም ናቸው።

ማንበብ አያውቅም የሚለው ብዙ ጊዜ አይወስድብኝም። በእጁ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። ሆሄያቱ ያስቃሉ፤ እንደሰማው ነው የሚጽፈው። ግን ጽፏል። መሬት ቀያሽ ሆኖ ሠርቷል። ለቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ ተመርጧል። በቤተሰቡ ትውፊት ፊደል ያስቆጠረችው የወንድሙ የሳሙኤል ሚስት ሣራ ናት። አደን ሲወጣ መጽሐፍ ይይዝ ነበር፤ ማታ እሳት ዳር ለባልንጀሮቹ የሚያነብላቸው እሱ ነው። ጸሐፊው ለማስረጃ የለጠፉት የዛፍ ፎቶ «ቡን ድብ ገደለ» የሚል፣ ሆሄያቱ የተዘበራረቁ ቅርጽ ያለበት ነው። በዚያ ዛፍ ላይ ስሙ የመጨረሻዋ ፊደል ጎድሎታል። ቡን ስሙን ሲፈርም ያቺን ፊደል አይዘላትም። ዛፉን የቀረጸው ሌላ ሰው ቢሆን አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጽሑፉ ቤተሰቡ ከፔንሲልቬንያ የወጣው ዳንኤል ጫካ ስለናፈቀው ነው ይላል። ዳንኤል ያኔ 15 ዓመቱ ነው! የ15 ዓመት ልጅ ቤተሰብ አስነቅሎ አይወስድም። የወጡበት ምክንያት በኩዌከሮቹ መዝገብ ላይ ተጽፏል። በ1742 ታላቅ እህቱ ሣራ ኩዌከር ያልሆነ ሰው አገባች፤ ያውም ሆዷ ገፍቶ። ወላጆቿ በጉባኤው ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። በ1747 ወንድሙ እስራኤል እንደገና ከውጭ አገባ። አባት በዚህኛው አሻፈረኝ አለ። ልጄ እሷን ማግባቱ ጥፋት አይደለም ብሎ ጸና፤ ከጉባኤው ተባረረ። ሚስቱ ሣራ ሞርጋን አልተባረረችም፤ ልጆቿን ይዛ መሄዷን አልተወችም። እንዲህ ያለ ነገር ባንድ መንደር ውስጥ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ባል ከበር ይመለሳል፣ ሚስት ትገባለች። በ1750 መሬቱን ሸጡ፣ ዕቃቸውን በጋሪ ጫኑ፣ ወደ ሰሜን ካሮላይና፣ ወደ ያድኪን ወንዝ ሸለቆ ወረዱ። እዚያ የብራያን ቤተሰብ ጎረቤት ሆኑ። ከዚያ በኋላ የሆነው በአማርኛ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሁለቱ ቤቶች ተጋቡ። ዳንኤል በ1756 ርብቃ ብራያንን አገባ። እህቱ ሜሪ የርብቃን አጎት ዊሊያምን፣ ወንድሙ ኤድዋርድ ደግሞ የርብቃን እህት ማርታን። ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ይህ ቤተሰብ ራስ ያዞራል።

«ሁለት ዓመት ብቻውን» የተባለውም ከዚህ ዝምድና ውጭ አይገባም። በግንቦት 1769 ወደ ኬንተኪ የወጡት ስድስት ናቸው። አንዱ ጆን ስቱዋርት የእህቱ የሃና ባል ነው። መንገዱን የሚመራው ጆን ፊንድሊ፣ ዳንኤል በ1755 በእንግሊዙ ጄኔራል በብራዶክ ዘመቻ ጋሪ ሲነዳ ያወቀው ነጋዴ ነው። ከዚያ በአባቱ ስም የሚጠራው ወንድሙ ስኳየር ጥይትና ስንቅ ይዞ ተጨመረ። ስቱዋርት ጠፋ፤ አጽሙ ከዓመታት በኋላ ባዶ ግንድ ውስጥ ተገኘ። ስኳየር ጥይት ሊያመጣ ሲመለስ ዳንኤል በእርግጥም ብቻውን ቀረ፤ በ1770 ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ ሦስት ወር ገደማ። ሁለት ዓመት የተባለው ይህ ነው። ለሁለቱ ዓመት ያድኪን ላይ ቤቱን ያቆመችው፣ ያረሰችው፣ ልጆቹን ያበላችው ርብቃ ናት፤ የዳንኤልን ጫካ ያስቻለው እሷ መሆኗን ጽሑፉ አንድ መስመር አልሰጠውም። የራሷ አሥር ልጆች ሳያንሷት የሞቱ ዘመዶችን ልጆችም አሳድጋለች።

ኬንተኪን «አገኘ» ለሚለው፣ ሾኒና ቼሮኪ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች የሚያድኑበት አገር ነበር። ፊንድሊ ራሱ ከዚያ በፊት እዚያ ከሾኒዎች ጋር ሲነግድ ቆይቷል። ቶማስ ዎከር የሚባል ቨርጂኒያዊ በ1750 ከምበርላንድ በር በሚባለው የተራራ መተላለፊያ አልፎ ገብቷል። ሃሮድስበርግ የተባለው የነጮች ሰፈር ቡን ካቆመው ሰፈር ከቡንስቦሮ አንድ ዓመት ይቀድማል። በታኅሣሥ 1769 ደግሞ ቡንና ስቱዋርትን ሾኒዎች ያዟቸው። የሰበሰቡትን ቆዳ ወሰዱባቸው፤ ተመልሳችሁ እንዳትመጡ ብለው ለቀቋቸው። ባለቤት ሌባ ሲይዝ የሚያደርገው ነው እንጂ ሌላ ምንድነው?

ስለ ልጁ ስለ ጄምስ ሞት የተጻፈው ግን አስከፍቶኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ። በመስከረም 1773 ቡን ቤተሰቡንና ጎረቤቶቹን ይዞ ወደ ኬንተኪ ሊሰፍር ተነሣ። 16 ዓመት የሆነው ጄምስ ዱቄትና ዕቃ ሊያመጣ ወደ ኋላ ተልኮ ነበር። ጥቅምት 10 ሊነጋ ሲል፣ ከአባቱ ሰፈር ጥቂት ማይል ርቀው ባደሩበት፣ የሾኒ፣ የደላዌርና የቼሮኪ ሰዎች ደረሱባቸው። ጄምስና ሄንሪ ራስል የሚባለው ጓደኛው ወዲያው አልሞቱም። ጄምስ ከገዳዮቹ አንዱን ለየው፤ ቢግ ጂም የሚሉት ሾኒ ነው፤ በቤታቸው ገብቶ የወጣ ሰው። በስሙ እየጠራ ለመነው። አልረዳውም።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ጽሑፉ ይህን ጥያቄ አላነሳም። አብረዋቸው በባርነት የተያዙ ሁለት ጥቁሮች ነበሩ፤ አዳምና ቻርልስ። ቻርልስ ተወስዶ ተገደለ። አዳም ወንዙ ዳር ጎርፍ የከመረው እንጨት ሥር ገብቶ ተደበቀ። ከዚያ ሆኖ ሁሉን አየ፤ ሁሉን ሰማ። የቡን ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚመረው ገጽ የቆመው በአንድ ባሪያ ምስክርነት ነው። ጸሐፊው ታሪኩን እንዳለ ወስደው ምስክሩን አውጥተው ጣሉት። ርብቃ የልጆቹ አስከሬን አፈር እንዳይነካው ብላ የተልባ እግር አንሶላዋን ላከች፤ በእሱ ተጠቅልለው ተቀበሩ። ሰፋሪዎቹም ተመለሱ።

«ያለ ምንም ምክንያት» የሚለው ግን ልክ አይደለም። በ1768 ኢሮኳ የሚባሉት ሕዝቦች በፎርት ስታንዊክስ ውል ይህን የአደን አገር ለእንግሊዝ ለቀቁ። የሚያድኑበት ሾኒዎች አልተስማሙም። ሰው መሬትህን ሌላ ሰው ፈርሞ ሲሰጥብህና አዲሱ ባለቤት ነኝ ባይ ሚስቱንና ከብቱን ይዞ ሲመጣ ታያለህ። የ16 ዓመት ልጅ ማሰቃየት በምንም አይጸድቅም፤ ምክንያት አልነበረም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዳንኤል ራሱ ከሾኒዎች ጋር ያለው ነገር ከጽሑፉ የበለጠ የተወሳሰበ ነው። በየካቲት 1778 ማረኩት። አለቃቸው ብላክፊሽ ልጅ አደረገው፤ ሼልቶዊ ብለው ስም አወጡለት፤ ትልቅ ኤሊ ማለት ነው። ወራት አብሯቸው ኖረ። በሰኔ አምልጦ 160 ማይል ያህል ገስግሶ ቡንስቦሮ ገባ። ቤቱ ባዶ ነበር። ርብቃ ሞቷል ብላ ልጆቿን ይዛ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመልሳለች። የጠበቀችው አንዷ ልጁ ጀማይማ ብቻ ናት። በመስከረም ቡንስቦሮን ከብበው የመጡትን የመራው ያው ብላክፊሽ ነው። ከበባው ሲያልፍ ደግሞ የገዛ ወገኖቹ ለጠላት አድረሃል ብለው በጦር ፍርድ ቤት ከሰሱት። ነጻ ወጣ፤ ማዕረግም ጨመሩለት። የቤተሰብ ታሪክ ነው ካልን ይህ አባትና ልጅነት አንድ አንቀጽ ያንሰዋል?

ጀማይማን ካነሳሁ አይቀር። ጽሑፉ በእርግጠኝነት የዳንኤል ወንድም ልጅ ናት ይላል። ወሬው አለ፤ አልክድም። ግን ወሬውን ያወሩት ሰዎች አባትየው ማን እንደሆነ እንኳ አልተስማሙም። አንዱ ኤድዋርድ ነው ይላል፣ ሌላው ስኳየር ነው ይላል። የተጻፈውም እሷ ከተወለደች ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ ከሰው ሰው ሲተላለፍ ቆይቶ ነው። በእንዲህ ያለ ወሬ የሞተች ሴት ስም አይነሳም። እኔ የማውቀው ሌላውን ነው። ሐምሌ 14 ቀን 1776፣ እሑድ ከሰዓት፣ የ13 ዓመቷ ጀማይማና ሁለቱ የካላዌይ ልጆች ቡንስቦሮ አጠገብ ባለው ወንዝ ላይ በታንኳ ወጡ። እግሯ ቆስሎ ነበርና ውኃው ውስጥ ልትነክረው ፈልጋለች። ታንኳው ወደ ማዶ ሲጠጋ ሾኒዎችና ቼሮኪዎች ጎትተው አወጧቸው። ልጃገረዶቹ ዝም ብለው አልሄዱም። ቅርንጫፍ ይሰብራሉ፣ በጫማ ተረከዝ መሬቱን ይቆፍራሉ፣ ከልብሳቸው እየቀደዱ ይጥላሉ። ዳንኤል ያንን ምልክት ተከትሎ በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ ሦስቱንም በሕይወት መለሰ። ጀማይማ ሊያስመልሷት ከአባቷ ጋር ከተከተሏት አንዱን፣ ፍላንደርስ ካላዌይን፣ በኋላ አገባች። ወላጆቿ ሚዙሪ ሲሄዱም አብራ ሄደች። ርብቃ በመጋቢት 1813 ስትታመም የሞተችው በጀማይማ ቤት ነው።

ሚዙሪ ደግሞ ሽሽት አልነበረም። ቡን ኬንተኪ ውስጥ መሬት ነበረው፤ ወረቀቱ ግን አልያዘለትም። ያኔ አንድ መሬት ሁለትና ሦስት ሰው ያስቀየሰው ነበር፤ ፍርድ ቤት የሚያሸንፈው ጠበቃ ያለው ነው። በክስና በዕዳ ተበላ። ልጁ ዳንኤል ሞርጋን ቀድሞ ሄዶ ስፔኖች የሚገዙትን አገር አየ። በ1799 ቤተሰቡ በጅምላ ተነሣ፤ ልጆች፣ አማቾች፣ የልጅ ልጆች። የ18 ዓመቱ ናታንና የ16 ዓመቷ ኦሊቭ በሠርጋቸው ማግስት ያህል ተከተሉ። ሚዙሪ ወንዝን በትንሽ ጀልባ ሲሻገሩ ናታን ይቀዝፋል፣ ኦሊቭ ጀልባውን ትመራለች፣ ባንድ እጇ ከኋላ የሚዋኘውን ፈረስ ልጓም ይዛለች። ጎረቤት የጠላ ሰው መንደር ሙሉ ዘመድ አስከትሎ ይሄዳል? ስፔኖች እዚያ የአካባቢ ዳኛ አደረጉት፤ ከጎረቤት ጋር የሚውል ሥራ ነው። አሜሪካ አገሩን በ1803 ስትገዛ ያ መሬትም ሄደበት። ኮንግረስ በ1814 ጥቂቱን መለሰለት፤ አብዛኛውን ሸጦ ዕዳ ከፈለበት።

ጽሑፉ ያላነሳውን አንድ ነገር እኔ ላንሳ። በ1787 የግብር ዝርዝር ላይ ቡን ሰባት ባሮች ነበሩት። አያቱ በኩዌከርነቱ አገር ለቆ የመጣ፣ የልጅ ልጁ ባለ ሰባት ባሪያ። ያቺ የግብር ዝርዝር ከድቡ ዛፍ ይልቅ ፎቶ ነበር የሚገባት።

ሊንከንን በአጭሩ። የፕሬዚዳንቱ ቅድመ አያት ጆን ሊንከን፣ አብርሃም የሚባል ግማሽ ወንድም ነበረው። ያ አብርሃም በ1760 አን ቡንን አገባ፤ የዳንኤል የአጎት ልጅ ናት፣ መዝገቡን የጻፈው የጄምስ እህት። በጋብቻ ዝምድና አለ። በሥጋ ግን ፕሬዚዳንቱና ዳንኤል አይገናኙም።

ቡን ራኩን ከሚባል አውሬ ቆዳ የተሠራ ቆብ ያደርግ ነበር የሚለውም ከመድረክና ከቴሌቪዥን የመጣ ነው። እሱ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ነበር የሚያደርገው።

መቃብሩ ይቀረኛል። ቡን መስከረም 26 ቀን 1820 በናታን ቤት ሞተ፤ 85 ዓመቱ ነበር። ሚዙሪ ውስጥ ርብቃ ጎን ተቀበረ። በ1845 የኬንተኪ ሰዎች መጥተው ቆፍረው የሁለቱንም አጽም ወደ ኬንተኪ ዋና ከተማ ወደ ፍራንክፈርት ወሰዱ። ሚዙሪዎች ግን የወሰዳችሁት የሌላ ሰው አጽም ነው ይላሉ፤ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ጸሐፊው የፍራንክፈርቱን ሐውልት ለጥፈው «እዚህ አርፏል» ከሚሉ፣ «ኬንተኪ እዚህ ነው ትላለች» ቢሉ ይበቃቸዋል።